አንድ ማስክ ለአንድ ተማሪ አይበቃም፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራንና ለወላጅ መምህር ኅብረቶች

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ስለሚያደርጉት ማስክ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ከተገኘ ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆቻችንም ሰባት ወር ሙሉ ከክፍል ርቀው ቆዩ። አሁን በሩ ሊከፈት ነው፤ ደስ ብሎናል። ማስክ ማድረግ ግዴታ መሆኑንም እንደግፋለን። እኛ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በከተማዋ ልብስ ስፌት የምናሠለጥን፣ በጤና ሙያ የምንሠራና የምናስተምር ሰዎች ነን። የምንጠይቃችሁ ዋና ነገር አንድ ነው፦ የማስክ ግዢና ስርጭት ሲታቀድ ሒሳቡ «ለአንድ ተማሪ አንድ ማስክ» ተብሎ እንዳይሠራ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አራት ይያዝለት፤ በየፈረቃው መሃልም ማስክ የሚቀየርበት ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ይግባ።

ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። እዚያ እስከ ምሳ የሚያደርስ ማስክ እዚህ ረፋዱ ላይ ይረጥባል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 50 ልጅ ሲቀመጥ ላቡም ትንፋሹም የሚያርፈው እዚያው ጨርቅ ላይ ነው። የጨርቁ ቀዳዳዎች በውሃ ሲሞሉ አየሩ በጨርቁ ማለፉን ትቶ በጉንጭና በአፍንጫ ጎን ያመልጣል፤ ስለዚህ ማስኩ ፊት ላይ ቢኖርም ማጣራቱን አቁሟል። ልጁም ትንፋሽ ያጥረዋል። መጀመሪያ ከአፍንጫው ዝቅ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ አገጩ ላይ ያሳርፈዋል፣ መምህሩ ሲቆጣው ደግሞ የአንገቱን ላብና አቧራ የጠረገውን ጨርቅ መልሶ አፉ ላይ ያወጣዋል። ይህን የሥነ ሥርዓት ጉድለት ብሎ መቅጣት ልጁን መበደል ነው። ደረቅ ማስክ የተቀየረለት ልጅ ብዙ ጭቅጭቅ ሳያስፈልገው ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጨርቁ እንደረጠበ ወይም እንደቆሸሸ ይቀየር ነው የሚለው።

አራት ያልነው እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ለዕለቱ (አንዱ ከቤት ሲወጣ፣ ሌላው በእረፍት ሰዓት የሚቀየር)፣ ሁለቱ ደግሞ ታጥበው ቤት የሚደርቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በየማታው ማጠብ ስለማይቻል ከዚህ ማነስ የለበትም።

ሒሳቡን ቁልጭ አድርገን እናሳያችሁ። ከ7 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ጨርቁ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ለስፌት ወጥቶ፣ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ የሚገባ ሦስት እጥፋት ሲደረግለት የተጠናቀቀው ማስክ 15 በ9 ይሆናል። ከ11 እስከ 14 ዓመት ላለው ደግሞ 19 በ18 ተቆርጦ 17 በ10 ይወጣል። እጥፋቶቹ ከውጭ ሲታዩ አፋቸው ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከሆኑ አቧራ ይይዛሉ፣ የድሬን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወርዱ 90 ሴንቲ ከሆነ አንድ ሜትር ጨርቅ የትንሹ መጠን 25 ቁራጭ ይወጣል። 1,000 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት 4,000 ማስክ ያስፈልጋል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ድርብ (የጨርቅ ንብርብር) 160 ሜትር፣ ከታች ለምንገልጻቸው ሦስት ድርቦች 480 ሜትር ጨርቅ ነው። ለብክነት 5 በመቶ ይጨመርበት። ላስቲኩ በእያንዳንዱ ጎን 14 ሴንቲ ከተያዘ በጠቅላላው 1,120 ሜትር ይሆናል። የትልቁ መጠን የበለጠ ጨርቅ ስለሚወስድ የላይኞቹ ክፍሎች ትእዛዝ ለብቻው ይሰላ። የትልቁን ማስክ ለትንሽ ልጅ ማደል ገንዘብ መጣል ነው፤ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ተርፎ ጎኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ስለ ጨርቁ ዓይነት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ያወጣው ምክር ሦስት ድርብ ነው። ፊት የሚነካው እርጥበት የሚመጥ ጥጥ፣ መሃሉ ያልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን፣ ውጪው ውሃ ቶሎ የማያስገባ ፖሊስተር ወይም የፖሊስተርና የጥጥ ቅይጥ። ሦስቱም በገበያችን አሉ። ለውስጥ ነጭ አቡጀዲ ወይም ስስ ፖፕሊን፣ ለመሃል ለዕቃ መያዣ ከረጢት የሚሠራበት ያልተሸመነ ስስ ጨርቅ፣ ለውጭ ደግሞ የዩኒፎርም ሸሚዝ የሚሰፋበት ቴትሮን ይሆናል። ወፍራሙን የሱሪ ጨርቅ አትቀበሉ፤ ልጁ ይታፈናል። ነጠላም ብቻውን አይሆንም፣ ሽመናው ሳሳ ያለ ነው። ጨረታ ከመዝጋታችሁ በፊት ናሙናውን ወደ ፀሐይ ያዙትና እዩ፦ የብርሃን ነጠብጣብ በግልጽ ካሳየ ሳስቷል። ከዚያ አፍ ላይ አድርጎ ፈጠን እያሉ ግቢውን አንድ ጊዜ መዞር ነው፤ አዋቂ ሰው ከከበደው ልጅ አይችለውም።

ውጪው ቀለም ያለው፣ ውስጡ ሁልጊዜ ነጭ ይሁን። ገልብጦ ያደረገ ልጅ ከሩቅ ይታያል፣ ነጩም ቆሻሻውን አይደብቅም። ልጆች የጓደኛቸው ቀለም ካማራቸው ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው፣ የልጁ ስም ደግሞ በታችኛው ጠርዝ ላይ በማይለቅ ማርከር ይጻፍ ወይም በክር ይጠለፍ።

የአፍንጫው ሽቦ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ተራ የብረት ሽቦ ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ይዝጋል፣ ጫፉም ጨርቁን በስቶ ወጥቶ ፊት ይቧጥጣል። የተሻለው ነጠላ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ ፕላስቲኩ ሳይላጥ 10 ሴንቲ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ይታጠፉና ከላይኛው ጠርዝ ሥር በሁለት መስመር ስፌት ይዘጋበታል። አይዝግም፣ አፍንጫ ላይ ሲጫኑት ቅርጹን ይይዛል። በሽቦ ያልተያዘ ማስክ ከአፍንጫ ጎን ትንፋሽ ስለሚያወጣ መነጽር የሚያደርጉ ልጆች ሰሌዳውን ማየት ያቅታቸዋል፤ ማስኩን ማውለቅ የሚጀምሩትም ያኔ ነው።

አሁን በከተማችን እጅግ አስፈላጊ ወደሆነው ነገር እንምጣ። ከሴት ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ሂጃብ ያደርጋሉ። የጆሮ ላስቲክ ያለው ማስክ የሚገባው ከሂጃቡ ሥር ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ ችግር የለበትም፤ በእረፍት ሰዓት ግን እንጀራ ለመብላት ወይም የረጠበውን ለመቀየር ላስቲኩን ለማውጣት መርፌ ቁልፉን ፈትታ ሂጃቧን መግለጥ አለባት። በወንዶች ፊት ይህን አታደርግም። ስለዚህ ወይ ሳትበላ ትውላለች፣ ወይ ማስኩን አገጯ ላይ ጎትታ ትበላለች፣ የረጠበውንም እስከ ቤት ታቆየዋለች። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በላስቲክ ፋንታ 1 ሜትር የሚሆን የጨርቅ ጥብጣብ በሁለቱ ጎን ጠርዞች ውስጥ ያልፍና ከሂጃቡ በላይ ከራስ ቅል ጀርባ ይታሰራል። ታችኛው ማሰሪያ ተፈትቶ ሲቀር ማስኩ ይወርዳል፣ ሂጃቡ አይነካም። ጥብጣቡን ማሰር ለማይችሉ ትንንሾች ከጀርባ አንድ አዝራርና ሁለት ቀለበት ይበቃል። ከትእዛዙ ምን ያህሉ በጥብጣብ ይሁን የሚለውን እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር ከመዝገቡ አስልቶ ይላክ እንጂ ከላይ በግምት አይወሰን። ስስ ኒቃብ ብቻውን እንደ ማስክ የማይቆጠር መሆኑም ለወላጆች በአክብሮት ይነገር፤ ከሥሩ ማስክ ይደረጋል።

እጥበቱ ላይ ደግሞ የድሬ ውሃ የራሱ ጣጣ አለው። የጉድጓድ ውሃችን ካልሲየሙ የበዛ ስለሆነ ሳሙና አረፋ አያወጣም፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁሉም ቤት ያውቀዋል። ማስክ በእንዲህ ያለ ውሃ በደረቅ ሳሙና ሲታጠብ ሳሙናውና ካልሲየሙ ተያይዘው ጨርቁ ላይ ይቀራሉ፤ ጨርቁ ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ትንፋሽም ያስቸግራል። ማስኩን ውሃው ውስጥ ከትቶ ማፍላት ደግሞ ይብስበታል፤ ውሃው ሲፈላ የሚወጣው ነጭ ዝቃጭ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። ስለዚህ ለወላጆች የሚሰጠው ወረቀት እንዲህ ይበል፦ ውሃውን መጀመሪያ ለብቻው አፍልታችሁ ዝቃጩ እስኪወርድ አስቀምጡ፤ ከላይ የጠራውን ቀድታችሁ አሙቁት፤ ማስኩን በዚያ በትኩሱ፣ ከደረቅ ሳሙና ይልቅ በዱቄት ሳሙና እጠቡ፤ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ፤ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። ሙቀቱ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ያ እጅ የማያስነካ ሙቀት ስለሆነ ማማሰሉ በእንጨት ይሁን፣ ልጆችም ከአጠገቡ ይራቁ።

ማገዶ ለማይበቃቸው ቤቶች ሌላው መንገድ በረኪና ነው። ማስኩ በሳሙና ታጥቦ ሲያበቃ፣ 5 በመቶ በሆነ በረኪና በ10 ሊትር ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ተቀይጦ፣ ለ1 ደቂቃ ይነከርና ሽታው እስኪለቅ ይለቀለቃል። በረኪና በሙቀት ኃይሉን ያጣልና ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቅይጡ በየቀኑ አዲስ ይሠራ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ። ይህን ሥራ ልጆች አይሥሩት። የመሃሉ ድርብ ፕላስቲክ ስለሆነ በጋለ ካውያ መተኮስ ክልክል መሆኑም በጉልህ ይጻፍ፤ ይቀልጥና ማስኩ ያበቃለታል።

የወለቀው ማስክ የት ይቀመጥ? ኪስ ውስጥ፣ ዴስክ ላይ፣ የጓደኛ እጅ ላይ አይሆንም። ንጹሑ ማስክ፣ ካለቀ ደብተር ገጽ ታጥፎ በተሠራ ፖስታ ውስጥ ይያዝ፤ ይህን መሥራት የመጀመሪያው ቀን የእጅ ሥራ ትምህርት ሊሆን ይችላል። የረጠበው ለብቻው በፌስታል ታስሮ ወደ ቤት ይሂድ፣ እንደደረሰም ይውጣ፤ እዚያው ካደረ ይሸታል፣ ይሻግታል። ማስክ ከመንካት በፊትና በኋላ እጅ መታጠብ አለበት። 1,000 ተማሪ በቀን ሦስት ጊዜ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ ቢታጠብ 900 ሊትር ይፈጃል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያደርሰው።

በርሜል የሚቀመጥባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ክዳኑን እንዳይረሱ አደራ እንላለን። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማችንን ያጥለቀለቀውን ቺኩንጉንያ ያስተላለፈችው ትንኝ የምትራባው በእንዲህ ያለ ክዳን በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። እንቁላሏ ከውሃው በላይ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት አይበቃም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። ለኮሮና ብለን ባስቀመጥነው በርሜል ሌላ ወረርሽኝ ማምጣት የለብንም። በር ላይ የሙቀት መለኪያም ሲያዝ፣ ከፀሐይ የገባ ልጅ ጥላ ሥር ትንሽ ካረፈ በኋላ ይለካ፤ ትኩሳት የተገኘበት ደግሞ ለወባም ይመርመር።

ማስክ ብቻውን አይበቃም፤ አየሩም መንቀሳቀስ አለበት። መስኮቱ በሁለቱም ወገን ይከፈት፣ አቧራ አስቸገረ ተብሎ አይዘጋ፤ በአቧራ ጊዜ የንፋሱ ወገን ተዘግቶ ሌላው ወገንና በሩ ክፍት ይቆይ። የጣሪያ ቬንትሌተር ያንኑ አየር መልሶ ያዞራል። ተንቀሳቃሽ ቬንትሌተር ካለ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ መስኮት ላይ ማቆም ይሻላል። በታችኞቹ ክፍሎች ደግሞ ፊደልና ቁጥር በአንድ ድምፅ እየጮኹ መድገም የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጩኸት ከንግግር ይልቅ ብዙ ምራቅ ያወጣል፣ ማስኩንም ፈጥኖ ያረጥባል። ይህ ትምህርት ዛፍ ሥር ይሰጥ፣ ክፍል ውስጥ በየተራ ይባል።

መምህራንን በተመለከተ፣ ድምፄ አልተሰማም ብሎ ማስኩን ለማስረዳት ሲል የሚያወርድ መምህር አደጋው ከተማሪው ይበልጣል፤ በክፍሉ ውስጥ ከፍ ባለ ድምፅ ብዙ የሚናገር እሱ ነው። ስለዚህ ለመምህሩ በቀን ሦስት ማስክ ይመደብለት፣ ሰሌዳ ላይም ብዙ ይጻፍ። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ግን ከንፈርና ፊት መታየት አለበት። በአፉ በኩል ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሰፋበት ማስክ ይዘጋጅ፤ እንፋሎት እንዳይሸፍነው የውስጡ ገጽ በትንሽ ሳሙና ታሽቶ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። የፊት ጋሻ ብቻውን ከማስክ ያነሰ ነው፣ ሌላ አማራጭ ሲታጣ ብቻ ይወሰድ።

ማን አያድርግ? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ነሐሴ 15 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዳሳወቁት 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናት አይገደዱም፤ ከ6 እስከ 11 ያሉት እንደ ሥርጭቱና እንደ አዋቂ ክትትሉ ይታያል፤ 12 እና ከዚያ በላይ ያሉት እንደ አዋቂ ያደርጋሉ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሚሮጥ ልጅ ማስክ አይደረግም፤ ሜዳ ላይ ተራርቀው ይሥሩ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ከባድ የመተንፈስ ችግር ያለበት ልጅ በሐኪም ምክር እንጂ በዘበኛ ውሳኔ አይስተናገድ።

በጀቱ ለሁሉም አራት አራት ካልበቃ ምን ይደረግ? ለሁሉም አንድ አንድ ከማደል ከ12 ዓመት በላይ ላሉትና ለመምህራን አራት አራት ማደል ይሻላል ብለን እናምናለን። ትንንሾቹ ከቤት ያላቸውን ያድርጉ፣ ያለው ጥላ፣ ሜዳና ሰፊ ክፍል ለእነሱ ቅድሚያ ይሰጥ። ውሳኔው ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሁሉም ጋ ደርሶ ማንንም የማይከላከል እርጥብ ጨርቅ ግን ወጪ ብቻ ነው። የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ የሆነው ሰማያዊ ማስክ ለተማሪ አይገዛ፤ ልጆች ሳምንት ያደርጉታል፣ ለጤና ጣቢያዎች ይቅር።

ማስክ ሳይዝ የመጣ ልጅ ከበር አይመለስ። ሰባት ወር የቀረበትን ትምህርት በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ምክንያት ልንጨምርበት አይገባም። በየክፍሉ አለቃ እጅ ሳይሆን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ የታጠበ መጠባበቂያ ይኑር፤ ልጁ ወስዶ ይግባ፣ ስሙ ይመዝገብ፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ቤቱ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ማጠቢያ ሳሙና ማጣት ሆኖ ይገኛል፤ እንዲያ ከሆነ ሳሙና ይሰጠው።

የምንለምናችሁ የመጨረሻው ነገር፣ ትልቁ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሁለት ክፍሎች ለአንድ ሳምንት ይሞከር፦ አንዱ ክፍል የጠዋት፣ ሌላው የከሰዓት ፈረቃ። ማስኩ በስንት ሰዓት እንደሚረጥብ፣ ላስቲኩ ከስንት እጥበት በኋላ እንደሚላላ፣ ጥብጣቡን ስንቱ ተማሪ እንደመረጠ መምህሩ በወረቀት ይያዝ፤ የትእዛዙም ዝርዝር በዚያ ይስተካከል። ስፌቱን በከተማው ቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችና በቀፊራና በታይዋን ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ሊሠሩት ይችላሉ። የሁለቱን መጠን ቅድ በካርቶን ቆርጠን፣ ላስቲክ ያለውንም ጥብጣብ ያለውንም ናሙና ሰፍተን አዘጋጅተናል። ለመረከብ ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ በነገው የሥራ ቀን ወደ ቢሮአችሁ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የድሬዳዋ ልብስ ስፌት አሠልጣኞች፣ የጤና ባለሙያዎችና መምህራን